«አላማረኝም»

«ሲስተር፣ ይሄ ሰው አላማረኝም» አለችኝ።

ከሌሊቱ 8 ሰዓት ገደማ ነው። ነጠላዋን እስከ አገጯ ተከናንባ፣ በአንድ እጇ የዋርዱን በር ይዛ ቆማለች። እኔ ጠረጴዛው ላይ ተደፍቼ የጠዋቱን ሪፖርት አስቀድሜ እየጻፍኩ ነበር። «ምን ሆኑ?» ስላት «እኔንጃ፣ ብቻ አላማረኝም» አለች። ተነሥቼ ሄድኩ። ባሏ በሳንባ ምች የተኙ የሃምሳ ዓመት ገበሬ ናቸው፤ ጋቢያቸውን ደርበው የአልጋውን ራስጌ ተደግፈው ቁጭ ብለዋል። «እንዴት ነዎት አባባ?» «ተመስገን፣ ደህና ነኝ።» ግንባራቸውን ዳሰስኩ፤ ትኩሳታቸው ከማታው የተለየ አልመሰለኝም። ቻርታቸውን ገለጥኩ። ሙቀት 38.6። ግፊት ደህና። ትንፋሽ 20። ከላዩ ያለው መስመርም 20። ከዚያ በላይ ያለውም 20።

«ደህና ናቸው፣ አይዞሽ እታለም። መድኃኒቱ እስኪሠራ ነው፤ አንቺም ጋደም በይ» ብያት ተመለስኩ። ሁለተኛ አልመጣችም። ንጋት 11 ሰዓት ላይ የሰማሁት ለቅሶዋን ነው።

እነዚያን ሦስት 20ዎች የጻፍኳቸው እኔ ነኝ። አንዱንም አልቆጠርኩም።

ይህ የሆነበትን ሆስፒታል አልጠራም። ቢቸና ተወልጄ፣ ደብረ ማርቆስ ተምሬ፣ ሞጣ ያገባሁ ነርስ ነኝ፤ በ17 ዓመት የሥራ ዘመኔ በምሥራቅ ጎጃምም ከዚያ ውጭም ከአንድ በላይ ቤት አገልግያለሁ። ስም ብጠራ አንባቢው «አሃ፣ እዚያ ነው» ብሎ ይገላገላል፤ ጥፋቱ ደግሞ የእጄ ነው።

ስለ 20 ትንሽ ላውራ። ነርስ የሆነ ሁሉ ይህን ቁጥር ያውቀዋል። የጤነኛ አዋቂ ሰው ትንፋሽ በደቂቃ ከ12 እስከ 20 ነው ተብሎ ተምረናል፤ 20 ብሎ የጻፈን ሰው ማንም አይጠይቀውም፣ ቻርቱን የሚያገላብጠው ሐኪምም ዓይኑ አይቆምበትም። ስለዚህ የትንፋሹ ዓምድ ከላይ እስከ ታች 20፣ 20፣ 22፣ 20 እያለ ይወርዳል። 22ቷ ለይምሰል የገባች ናት። እንዲህ የምናደርገው እኛ ብቻ ብንሆን ኖሮ አፍሬ ዝም እል ነበር። ግን እ.ኤ.አ. በ2008 በአውስትራሊያ የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ ጽሑፍ ትንፋሽን በርእሱ ላይ «ችላ የተባለው» ምልክት ብሎ ጠርቶታል፤ ያውም ማሽን በሞላበት አገር።

ለግፊት መለኪያ አለ፣ ለሙቀት ቴርሞሜትር፣ ለኦክሲጅን ጣት ላይ የሚሰካ ሳቹሬሽን። ለትንፋሽ በእኛ ዋርድ ያለው መሣሪያ የነርሷ ዓይን ብቻ ነው፤ እሱም አንድ ደቂቃ ሙሉ ቆሞ ደረት ማየት ይፈልጋል። ሠላሳ ሕሙማን በሁለት ነርስ በሚያድሩበት ዋርድ ለእያንዳንዷ 15 ሰው ይደርሳታል። ለትንፋሽ ብቻ 15 ደቂቃ ማለት ነው፤ በሌሊት ሦስት አራት ዙር ሲሆን አንድ ሰዓት ሞላ። ያ ሰዓት ከየት ይመጣል? መርፌው አለ፣ ግሉኮሱ አለ፣ አዲስ ገቢ አለ፣ ላብራቶሪ የሚላክ ደም አለ። ሌላም ችግር አለ፤ ትንሽ ያስቃል። ስንማር መምህራችን የሰከንድ ቆጣሪ ያለው የእጅ ሰዓት ሳያስገዛ ዋርድ አያስገባንም ነበር። ዛሬ ሰዓታችን ስልካችን ነው። ነርሷ ከበሽተኛው አጠገብ ቆማ ስልኳን አውጥታ ስታይ ቤተሰቡ «እኛ እዚህ እንሞታለን፣ እሷ ቲክቶክ ታያለች» ይላል። እኔም ተብያለሁ።

ብልሃቱን ግን የቀደሙት አስተምረውናል። የሕመምተኛውን አንጓ ትይዛለህ፣ የደም ሥር ምቱን የምትቆጥር ትመስላለህ፣ ዓይንህ ደረቱ ላይ ነው። ትንፋሹ እየተቆጠረ መሆኑን ያወቀ ሰው ሳያስበው ይቀይረዋልና።

ይህ ሁሉ ለአንዲት ቁጥር? አዎ። እ.ኤ.አ. በ1990 ማያሚ ላይ የወጣ ጥናት ልባቸው በሆስፒታል ውስጥ በድንገት የቆመ 64 ሕሙማንን ወደ ኋላ ተመልሶ መዝገባቸውን አየ። ከመቶ 84ቱ ልባቸው ከመቆሙ በፊት በነበሩት 8 ሰዓታት ውስጥ ሁኔታቸው መበላሸቱ ተጽፎ ወይም አዲስ ስሞታ አሰምተው ተገኝቷል። የትንፋሻቸው አማካይ ደግሞ በደቂቃ 29 ነበር። «ድንገት» የምንለው ሞት ስምንት ሰዓት ሙሉ በር ሲያንኳኳ አድሯል ማለት ነው። እኔ በዚያች ሌሊት ስምንት ሰዓት እንኳ አላስፈለገኝም፤ ሦስት ነበረኝ።

ትንፋሽ ለምን ይቀድማል ለሚለኝ በአገራችን ነገር ላስረዳ። ክረምት ሲገፋና ጎተራ ሲጎድል ገበሬ መጀመሪያ የሚሸጠው ዶሮ ነው። ከዚያ በግ። የእርሻውን በሬ የሚነዳው ሌላው ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው፤ ጎረቤትም ተቸግሮ እንደነበር የሚያውቀው በሬው ገበያ ሲወጣ ነው። ሰውነትም እንዲሁ ነው። መርዝ በደም ሲሠራጭ፣ ደም ሲፈስ፣ ሳንባ ሲደፈን መጀመሪያ ትንፋሹን ያፈጥናል፣ ከዚያ ልቡን ያስሮጣል፣ የእጅ የእግሩን ደም ሰብስቦ ለልብና ለአንጎል ይሰጣል። በዚህ ሁሉ ጊዜ ግፊቱ ደህና ነው። 110 በ70 ተብሎ ይጻፋል፣ ቤተሰብም ነርስም ይጽናናል። ግፊቱ ሲወርድ በሬው ተሸጧል። ወጣት ላይና አራስ ላይ ይህ ነገር የባሰ ያታልላል፤ ብርቱ ናቸውና ብዙ ይችላሉ። ከወለደች በኋላ ደም የሚፈሳት እናት ከ1 ሊትር በላይ አጥታም ግፊቷ ላይነግርሽ ይችላል።

እናቶችን ካነሣሁ፣ በአገራችን ነርስነትን ቀድመው ከተማሩት አንዷ ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ ናቸው። በስደቱ ዘመን ለንደን ግሬት ኦርመንድ ስትሪት በተባለው የሕፃናት ሆስፒታል ተምረው ተመረቁ። ነሐሴ 1934 ዓ.ም. ነቀምቴ ላይ በ22 ዓመታቸው ያረፉት ከእርግዝና ጋር በመጣ ችግር ነው። ማዋለጃ ክፍል ስገባ ብዙ ጊዜ እሳቸው ትዝ ይሉኛል። ለምን እንደሆነ ለማስረዳት አልሞክርም።

ወደ ሰውነት ልመለስ። እንግሊዞች ያን የዶሮና የበሬ ነገር በሰንጠረዥ አወጡት። መጀመሪያ እ.ኤ.አ. በ1997 በአንድ የኖርፎክ ሆስፒታል የሚሠሩ ሐኪሞች ሞከሩት፤ በ2012 የሐኪሞቹ ንጉሣዊ ኮሌጅ ለመላው አገር አንድ ቅጽ አወጣ፤ በ2017 አሻሻለው። ትንፋሽ፣ ኦክሲጅን፣ የላይኛው ግፊት፣ የልብ ምት፣ ንቃትና ሙቀት እያንዳንዳቸው ከ0 እስከ 3 ነጥብ ይሰጣቸዋል። ትንፋሽ 25 ከደረሰ 3 ነው። በ2017 የተጨመረችው ደግሞ የምወዳት ናት፤ ቀድሞ ያልነበረበት ሰው መደናገር ከጀመረ ብቻውን 3። ድምሩ 5 ሲሆን ሐኪም በአስቸኳይ ይመጣል፣ 7 ሲሞላ የድንገተኛ ቡድን። ከስድስቱ አንዱ ብቻውን 3 ካመጣም ሐኪም ይጠራል።

ቅጹን ወደ እኛ ስናመጣ ግን እንዳለ አይሆንም፤ ይህን ጣልቃ ላስገባ። ቢቸናም ሞጣም ከባሕር ጠለል በላይ 2500 ሜትር ገደማ ላይ ያሉ ከተሞች ናቸው። የእንግሊዙ ሰንጠረዥ ኦክሲጅን ከ96 በታች ሲሆን ነጥብ መቁጠር ይጀምራል። አንድ ቀን ሳቹሬሽኑን በር ላይ ለቆመው ጥበቃ ጣት ሰካሁለት፤ 93 አለ። በእንግሊዞቹ ሂሳብ 2 ነጥብ ያዘ፤ ሰውዬው ደግሞ ጠዋት በእግሩ ሁለት ሰዓት ተጉዞ የመጣ ነው። ደጋ ላይ ጤነኛውም ዝቅ ይላል። ስለዚህ ለደጋ ሰው የራሱ ድንበር ሊወጣለት ይገባል፤ አለበለዚያ ወረቀቱ በየሰዓቱ ይጮህና ነርሷ መስማት ትተዋለች። ትንፋሽ ግን ሲቆጠር ቢቸናም ለንደንም ያው ነው፤ 30 የሚተነፍስ ሰው የትም ቢሆን ታሟል።

ወደ ሴትዮዋ ልመለስ። የባሏ አርባ ካለፈ በኋላ ወረቀት ልታወጣ መጥታ ግቢ ውስጥ ተገናኘን። ልሸሻት ፈልጌ ነበር፤ እሷ ናት የሳመችኝ። ድንጋይ ላይ ተቀመጥን። ያን ሌሊት ምን አይታ «አላማረኝም» እንዳለችኝ ጠየቅኳት። የነገረችኝን ቃል በቃል ባይሆንም አልረሳውም። ከመሸ ጀምሮ ጋደም ብሎ አያውቅም፤ «ተኛ» ስትለው «ያፍነኛል» ይላታል። ውሃ ስትሰጠው ሁለቴ ተጎንጭቶ ያርፋል፣ ደግሞ ሁለቴ ይጎነጫል። እኩለ ሌሊት ላይ ደግሞ ታላቁን ልጃቸውን በሟች ወንድሙ ስም ጠራው።

እስኪ በእንግሊዞቹ ሰንጠረዥ እንደምረው። መጎንጨት እንኳ የከለከለው ትንፋሽ ከ25 በላይ ለመሆኑ አልጠራጠርም፤ 3። የልጁን ስም መሳት አዲስ መደናገር ነው፤ 3። ሙቀት 38.6፤ 1። ሰባት። ግፊት ሳንለካ፣ ኦክሲጅን ሳንሰካ፣ የልብ ምት ሳንቆጥር ሰባት ሞላ። ያቺ ሴት ፊደል አልቆጠረችም፤ አንድም መሣሪያ አልነበራትም። የድንገተኛ ቡድን የሚያስጠራውን ነጥብ ይዛ በሩ ላይ ቆማ ነበር። «አላማረኝም» ያለችው ይህን ሁሉ ጠቅልላ ነው። እኔም «ምን ሆኑ?» አልኳት እንጂ «ሲተኙስ? ሲጠጡስ? ሲያወሩስ?» አላልኳትም።

በኔዘርላንድስ ተመራማሪዎች የነርስን «አላማረኝም» ራሱን ዘርዝረው ነጥብ አድርገውታል። ትንፋሹ መቀየሩ፣ መቁነጥነጡ፣ ሕመምተኛው ራሱ ደህና አይደለሁም ማለቱ፣ አለመሻሉ፣ ነርሷ ምክንያቱን መናገር ባትችል እንኳ ልቧ መጠርጠሩ ተቆጥሮ ይጻፋል። እዚህ አገር ግን ከነርስም በላይ ይህን የምታውቅ ሰው አለች፤ አስታማሚ ናት። ሞጣም ሆነ ቢቸና፣ ሆስፒታል የገባ ሰው ብቻውን አይተኛም። እናት፣ ሚስት፣ እህት፣ የአክስት ልጅ አልጋው ሥር ሰሌን አንጥፋ ታድራለች። ታበላዋለች፣ ታጥበዋለች፣ ሽንቱን ትደፋለች። ስንት ጊዜ እንደሸና የምታውቀው እሷ ናት፤ ቻርቱ አያውቅም። ፈረንጅ አገር በብዙ ገንዘብ የሚገዛው ሌሊቱን ሙሉ የማይነቀል መቆጣጠሪያ ማሽን እኛ ዘንድ ነጠላ ለብሶ መሬት ላይ ተቀምጧል።

እሱን ምን እናደርገዋለን? ጠዋት 3 ሰዓት ሲሆን በሩ ላይ ጥበቃው ይቆማል። «አስታማሚ ውጡ! ራውንድ ነው!» ሐኪሙ ሲመጣ ሌሊቱን ያየችው ሴት ከዛፍ ሥር ተቀምጣ ፀሐይ ትሞቃለች። ሐኪሙ ሕመምተኛውን «እንዴት አደርክ?» ይለዋል፤ «ተመስገን» ይላል። ቻርቱን ያያል፤ 20፣ 20፣ 22፣ 20። «ቀጥሉ» ብሎ ያልፋል። በራውንድ ሰዓት ክፍሉ መጥራት እንዳለበት አውቃለሁ፤ የሌላው ሕመምተኛ ገመናም አለ። ግን ከእያንዳንዱ አልጋ አንዲት ሴት ብትቀርና «ሌሊቱን እንዴት አደረ?» ተብላ ብትጠየቅ የሚወስደው ግማሽ ደቂቃ ነው። ይህን አንዴ ለአንድ ኃላፊ ሐሳብ አድርጌ አቅርቤ «ዋርዱን ገበያ ልታደርጊው ነው?» ተብያለሁ። ገበያ ቢሆንስ? ገበያ ላይ ሰው ይደማመጣል።

ስለ «ተመስገን» ደግሞ ቆም ብዬ ላስብ። የአገሬ ሰው ነፍሱ እየወጣች «እንዴት ነህ?» ብትለው «ተመስገን» ነው የሚልህ። ስለ አምላኩ የሚሰጠው መልስ እንጂ ስለ ሳንባው የሚሰጠው መልስ አይደለም፤ ነርሷ ይህን እያወቀች «ሕመምተኛው ደህና ነኝ ብሏል» ብላ መጻፏ ነው የሚገርመኝ። ከዚያች ሌሊት ወዲህ «እንዴት ነዎት?» ማለቱን ለሰላምታ ትቼዋለሁ። «ከየት ቀበሌ ነው የመጡት? ሲመጡ ማን ያዘዎት?» እላለሁ። ሰውዬው መንገዱን ሲተርክልኝ ትንፋሹን እሰማለሁ። ታሪኩን በአንድ ትንፋሽ የሚወርድለት አለ፤ በየሦስት ቃሉ የሚያርፍ አለ። ቄሶችን ዳዊት አስደግሚያቸው እንጂ አታስወሪያቸው ይሉኛል ባልደረቦቼ፤ እሱም ይሠራል። አቡነ ዘበሰማያትን ስንት ቦታ ቆርጠው እንደጨረሱት ከልብ ብትሰማ ሳቹሬሽን ሳትሰካ ብዙ ታውቃለህ።

ሌላው የሚያታልለን ዝምታ ነው። አንድ ጊዜ ከቆላው ወገን ስምንት ጎበዝ እየተፈራረቀ በቃሬዛ ያመጣው ሰው ነበር። ተሸካሚዎቹ ደስ ብሏቸው ነው የደረሱት። «ግማሽ መንገድ ድረስ ሲጮህ ነበር፣ ከዚያ ተመስገን ተኛልን» አሉ። አልተኛም ነበር። በዋርድም ያው ነው፤ ሲያጣጥርና ሲወራጭ ያመሸ ሰው ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ ጸጥ ሲል ጎረቤቱ ሕመምተኛ፣ ቤተሰቡ፣ ነርሷም ጭምር እፎይ ይላሉ። «ዛሬስ አረፈ» ይባላል። ለዚህ ነው እኔ ለአስታማሚ ሁሉ የምነግራት፤ ሲጮህ አትጥሪኝ ብልሽ እንኳ ሲጮህ የነበረው ዝም ካለ ቀስቅሺው፤ ስሙን፣ ያለበትን፣ አንቺን ይጥራ። ካልጠራ ጥሪኝ፤ ብተኛም ቀስቅሺኝ።

ለንደን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2021 ማርታ ሚልስ የምትባል ልጅ 14ኛ ዓመቷን ልታከብር ጥቂት ቀን ሲቀራት ሞተች። ከብስክሌት ወድቃ ቆሽቷ ተጎድቶ ነበር፤ ሆስፒታል ተኝታ ሳለች ደሟ ተመረዘ። እናቷ ልጄ እየባሰባት ነው ስትል አልሰሟትም። የሞት መንስኤ መርማሪዋ ልጅቷ ቀደም ብላ ወደ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ተዛውራ ቢሆን ኖሮ ሳትድን አትቀርም ነበር ስትል ደመደመች። እናትና አባት ዝም አላሉም፤ ከ2024 ጀምሮ በእንግሊዝ ሆስፒታሎች ቤተሰብ «አላማረኝም» ሲል የሚያክመውን ሐኪም አልፎ ሌላ ቡድን በቀጥታ የሚጠራበት አሠራር በልጅቷ ስም ተጀመረ። በአውስትራሊያዋ ኩዊንስላንድ ከዚያ በፊትም በሌላ ልጅ ስም ነበር። ይህን ያነበብኩ ዕለት ያልኩት «የእኛዋ አስታማሚ ማንን ትጥራ?» ነው። ግድግዳችን ላይ ስለ እጅ መታጠብ፣ ስለ ሐሳብ መስጫ ሣጥን ተለጥፏል። ሌሊት ነርሷ አልሰማኝ ስትል የምትደውልበት አንድ ስልክ ቁጥር የተጻፈበት ቦታ ግን በሠራሁባቸው ቤቶች አላየሁም። ማንበብ ለማትችለዋም ጥበቃው ይደውልላት፤ ለመቼ ነው የቆመው?

ነርሶች ሲሰሙኝ የሚሉትን አውቀዋለሁ፤ «እኛንስ ማን ይሰማናል?» እውነት ነው። ተረኛ ሐኪሙን ሌሊት መቀስቀስ ቀላል አይደለም። ስልኩ የራስሽ፣ ካርዱ የራስሽ፣ ንዴቱም የራስሽ ነው። «ለዚህ ነው የቀሰቀስሽኝ?» ያላለው ሐኪም ጥቂት ነው፤ ያቺን ቃል አንዴ የሰማች ነርስ ሁለተኛ ስትደውል ቃላቷ ይልፈሰፈሳል። «ዶክተር፣ ይቅርታ፣ ካላስቸገርኩህ፣ 6 ቁጥር ያሉት ሰውዬ ትንሽ ደከም ብለዋል» ትላለች። የዚህ ንግግር ወርቁ «ሊሞቱ ነው» የሚል ነው፤ ሰሙን የሰማው ሐኪም ግን «እሺ፣ ጠዋት አያቸዋለሁ» ይልና ይገለበጣል። ጎጃሜ ሰው ቅኔ ያምርበታል፤ በስልክ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ግን ቅኔ አያዋጣም። «ዶክተር፣ 6 ቁጥር፣ ሳንባ ምች፣ ሁለተኛ ቀናቸው። ትንፋሽ 34። የልጃቸውን ስም ተሳስተዋል። ኦክሲጅን ጀምሬያለሁ። አሁን መጥተህ እያቸው።» አሜሪካኖች ይህን አነጋገር ከሰርጓጅ መርከበኞቻቸው ወስደው ወደ ሆስፒታል አስገቡት ይባላል፤ ባሕር ሥር ያለ ሰው ለትሕትና የሚያጠፋው ጊዜ የለውም። ቁጥር ስትናገሪ ሐኪሙ የሚነጫነጨው በቁጥሩ ላይ ነው፣ በአንቺ ላይ አይደለም። ቁጥሩ ግን የተቆጠረ መሆን አለበት። 34 ብለሽው መጥቶ 18 ካገኘ ሁለተኛ አያምንሽም፤ ይፈረድበታልም አልልም።

«ቆጥሬ ባውቀውስ ምን አለኝ?» የሚለው ጥያቄ ይበልጥ ይከብደኛል። ኦክሲጅን ያለቀበት ሌሊት አለ። የጽኑ ሕሙማን አልጋ በቅርብ የለም። ከሞጣ ባሕር ዳር ወደ 120 ኪሎ ሜትር ነው፤ ባለፉት የግጭት ዓመታት ደግሞ ከመሸ መንገድ መውጣት ራሱ ሌላ ሞት የሆነበት ጊዜ ብዙ ነው። እንዲህ ባለ አገር ቀድሞ ማወቅ ምን ይጠቅማል የሚል ሰው ስሌቱን የገለበጠው ይመስለኛል። ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ 28 ሆኖ የተገኘ ትንፋሽ ሪፈር ይጻፍለታል፣ አምቡላንስ ይፈለግለታል፣ ሳይመሽ ይወጣል። ያው ሰው ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ 38 ሆኖ ሲገኝ እስኪነጋ መጠበቅ ነው። የጽኑ ሕሙማን አልጋ በቅርቡ ላለ ሰው ሦስት ሰዓት መዘግየት ይታለፍ ይሆናል። የሩቅ ሰው ነው ቀድሞ መቁጠር ያለበት።

ደመወዝ፣ የነርስ ቁጥር፣ የትርፍ ሰዓት ክፍያ፣ ይህ ሁሉ ትክክለኛ ጥያቄ ነው፤ ሌሎች ከእኔ በተሻለ ጽፈውታል፣ እኔም እፈርምበታለሁ። ዛሬ የምጠይቀው ግን በጀት የማይፈልገውን ነው። ያልተቆጠረ ትንፋሽ አይጻፍ፤ ቦታው ባዶ ይቅር። ባዶ ቦታ ያየ ሐኪም ይጠይቃል፣ 20 ያየ ያልፋል። ይህን ያነሣሁበት አንድ ስብሰባ ላይ «ባዶ ቻርት በግምገማ ነጥብ ያስቀንሳል» የሚል መልስ አገኘሁ። እንግዲህ ገምጋሚዎቹም ይስሙኝ፤ የተሞላውን ዓምድ ቁጥሩት እንጂ አትመኑት። አንድ ዋርድ ውስጥ ሠላሳ ሰው እኩል 20 ሲተነፍስ ካደረ፣ እዚያ ቤት የሚታመም የለም ወይም የሚቆጥር የለም።

ባለፈው ክረምት ራሴ አስታማሚ ሆንኩ። እናቴ የኩላሊት ኢንፌክሽን ይዟት ተኛች፤ የት እንደሆነ አሁንም አልናገርም። ሁለት ሌሊት ሰሌን ላይ አደርኩ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት «አስታማሚ ውጡ!» ተባለ፤ ነርስ ነኝ ብል መንገድ ይሰጠኝ ነበር፣ ግን ሌሎቹ እናቶች ሲወጡ አይቼ አብሬ ወጣሁ። ሌሊቱን የጋቢዋን ጫፍ ስትለቅም ነበር ያደረችው። አላማረችኝም። ዞሬ በመስኮቱ በኩል ቆምኩ። በመስታወቱ ደረቷን እያየሁ መቁጠር ጀመርኩ፤ ሦስት ጊዜ ነጭ ጋውን እየከለለኝ ጠፋብኝ።

ራውንዱ ሲያልቅ ገባሁና ለተረኛዋ ነርስ ነገርኳት። ልጅ ናት፣ ተመርቃ ዓመት የሞላት አይመስለኝም። ቻርቱ ላይ የጻፈችውን አየሁት፣ አየችኝም፤ ምን እንደሚል መናገር አያስፈልገኝም። ጆሮዋ ቀላ። ትቆጣለች ብዬ ስጠብቅ «ሰዓት ይዘሻል?» አለችኝ። ስልኬን አወጣሁ። የእናቴን አንጓ ያዘች።

«የደም ሥሬ እንዴት ነው ልጄ?» አለች እናቴ።

ልጅቷ አልመለሰችላትም። ዓይኗን ከጋቢው ላይ ሳትነቅል ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች፤ 25፣ 26፣ 27። እኔ ሰዓቱን ይዣለሁ። ገና 8 ሰከንድ ይቀራል።